አህያው አልፈረመም

የያዙኝ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዲስ ለተከፈተ ፀጉር ቤት ሰሌዳ እየጻፍሁ ነበር። «የወንዶች ፀጉር» የሚለውን ጨርሻለሁ፤ «ማስተካከያ» የሚለው ገና ነው። ከታች አንድ ሰው «ውረድ» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ዞር ብዬ ሳይ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው መሰላሉን በእግሩ ደግፎ ይዞልኛል። እንዳልወድቅ ይሁን እንዳላመልጥ አላውቅም። ቀለም የደረቀበት ብሩሽ አይረባምና ብሩሹን ቤንዚን ውስጥ ልንከረው ብዬ ጠየቅሁ።

«ተወው፣ ሌላ ትገዛለህ» አለኝ።

ከአነጋገሩ ቶሎ የምፈታ መስሎኝ ቅር ሳይለኝ ወረድሁ።

የወሰዱኝ ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ወደነበረ መጋዘን ነው። በዚያ ሰሞን የሚታሰረው ሰው ስለበዛ ጣራ ያለው ቤት ሁሉ እስር ቤት ሆኖ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያቃጥላል። ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዓይናቸው ደም መስሎ ስላየሁ ሲያለቅሱ የሰነበቱ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ የእኔም ዓይን እንደነሱው ሆነ። ወለሉ ላይ የተረፈው ነጭ ፍሬ ሰው ሲተኛበት በወዙ ይሟሟና ቆዳ ያሳክካል። ብርዱ ደግሞ የአገራችን ብርድ ነው፤ ከቆርቆሮው ወርዶ ሰው ላይ ይተኛል።

እዚህ ላይ ሥራዬን ልናገር። እንጀራዬ ሰሌዳ መጻፍ ነው። በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የሥዕል ተረት እሠራ ነበር፤ ከተሜው ኮሚክ የሚለውን። አንድ ወረቀት ስምንት ሣጥን አድርጌ እከፍልና በየሣጥኑ ሥዕል ከሁለት ከሦስት ቃል ጋር አስገባለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ሰው ስልኩን ለባትሪነት ብቻ ነበር የሚይዘው። የሚያነበው ሲያጣ ወረቀት እንደገና ተወደደ። የማባዣ ማሽን ያላት አንዲት ሴት ታባዛልኛለች፤ ስሟን ያኔም አልተናገርሁም፣ አሁንም አልናገርም። ወረቀቱ በሚኒባስ ወንበር ኪስ፣ በጆንያ አፍ፣ በሰው ኮት ውስጥ ሆኖ እስከ አቀስታ፣ አንዳንዴም እስከ ኩታበር ይሄዳል። ማን እንደሚሥለው ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ባለታሪኩ አህያ ነው። ጭነቱን እንደተሸከመ ስብሰባ ይጠሩታል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ ዝም ብሎ ይቆማል። «ለምን አላጨበጨብህም?» ይሉታል። «እጅ የለኝም» ይላል። በዚህ ይከሰሳል። በሚቀጥለው ወረቀት «እጅህን የት ደበቅኸው?» ብለው ጭነቱን ይፈትሹታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር የለውም። ሰው ግን ወደደው። ከስብሰባ የቀረ ሰው «የት ነበርህ?» ሲባል «እጅ የለኝም» ብሎ መመለስ ጀመረ። ገበያ መሐል ይህን በጆሮዬ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ሰሌዳ ጽፌ አግኝቼው አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ወጣት ነው፤ ንጹሕ ሹራብ ለብሷል፣ ጉንፋን ይዞታል። አንዱን የአህያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ስልኩን አጠገቡ አስቀመጠ። ስልኩ ላይ የአንድ ዳቦ ቤት ሰሌዳ ፎቶ አለ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«ይችን ‹ቀ› ተመልከታት» አለኝ። «ወረቀቱ ላይ ያለችውንም ተመልከት። አንገቷን ወደ ግራ የምትሰብራት ለምንድን ነው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልሁት።

ማመኔ እሱ ሆነ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እሱም ሳቅ አለና አፍንጫውን ጠረገ። ቀጥሎ ማን እንደሚያባዛልኝ ጠየቀኝ። አልነገርሁትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝረውም። የግራ ጆሮዬ ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አይሰማም፤ ሰው በዚያ በኩል ሲያናግረኝ ፊቴን አዙሬ ነው የማዳምጠው።

ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በግራ እጃቸው ውኃ አቀበሉኝ። ቀኝ እጃቸው ከነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከዓባይ በኩል ካለው ቆላ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ጢማቸውን ሒና ነክተውታል። ሰው ሁሉ «አያ» ነበር የሚላቸው፣ እኔም አያ አልኋቸው።

«አብሽር» አሉኝ። «ጠጣ። ለምንድን ነው የመቱህ?»

«ሥዕል ሥለሃል ብለው ነው፣ አያ።»

«ሥለሃል?»

«አዎ።»

«የምን ሥዕል?»

«የአህያ።»

«እኔንም የመቱኝ በአህያ ነው» አሉ።

ነገሩን ነገሩኝ። ገበያ ወጥተው ለባለቤታቸው ጥቁር አዝሙድ ገዙ። ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ኬላ ላይ ሲፈተሹ ወታደሩ አዝሙዱን መሬት ላይ ደፍቶ ወረቀቱን ገለጠው። ከየት አመጣኸው አሏቸው፤ ከገበያ። ማን ሰጠህ አሏቸው፤ አዝሙድ የሸጠችልኝ።

«አላመኑኝም» አሉ። «ኋላ አንዱ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘርግቶ ‹ይህን አህያ ታውቀዋለህ?› አለኝ። የእኔዋ ሴት ናት፣ ቤት ነው ያለችው አልሁት። ይቀልዳል ብለው መቱኝ። ወላሂ አልቀለድሁም። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አህያ ስላሳየኝ ስለ አህያ የጠየቀኝ መሰለኝ።»

ከጎናችን ተኝቶ የነበረ ሰው ተነሥቶ ተቀመጠ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ከእኔ በፊት ነው የገባው። «አንተ ነህ?» አለኝ። «አህያውን የምትሥለው አንተ ነህ?» መመለሴን ሳይጠብቅ ራሴን ሳመኝ፤ ያበጠውን ቦታ ስለነካኝ ዘለልሁ። ሌሎቹን ጠራቸው። በዚያ ሽታ ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንዱ የአህያውን ድምፅ አስመስሎ «እጅ የለኝም» ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል። እኔም የሣቅሁ ይመስለኛል፣ ጆሮዬ እየጮኸብኝ። አያ ግን አልሣቁም። «እጅ የለኝም» በተባለ ቁጥር ዓይናቸው የሚያርፈው በተጠቀለለው እጃቸው ላይ ነበር።

ሣቁ ሲበርድ «እስቲ ለእኔም ንገረኝ» አሉኝ። ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ሐቅ ነው» አሉ። «እንዲያ ነው የሚያደርጉን። በአዝሙድ መጠቅለያ መሆኑ ግን ለምንድን ነው?»

ወረቀቱ አንድ ሰው እጅ እስኪገባ ያለውን መንገድ አስቤ አውቃለሁ፤ ሰውየው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ያለውን ግን አስቤ አላውቅም። አንብቦ የጨረሰ ወረቀቱን ለቸርቻሪ ይሰጣል፣ ቸርቻሪ ይጠቀልልበታል። ሌላ ታሪክ የለውም።

እንደገና ሲጠሩኝ መርማሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት የተናገርሁት እኔ ነኝ። «እዚያ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ምንም አያውቁም» አልሁት። «ማንበብ አይችሉም። አዝሙድ ነው የገዙት። ሥዕሉ የእኔ መሆኑን አምኛለሁ፤ እሳቸውን ልቀቋቸው።»

ወረቀት ላይ አጎንብሶ የነበረው መርማሪ ቀና አለ። ጉንፋኑ ለቆት ነበር። የሚያስብ ሰው ፊት አየሁበት፤ ይህን ባልተናገርሁ ኖሮ ያልሁት በዚያች ቅጽበት ነው። በዱላ ያጣውን መያዣ እኔው አቀብዬው ነበር።

«ጥሩ ልብ አለህ» አለኝ። «እንግዲያው አንድ ወረቀት ሥራልኝ። ስምንት ሣጥን፣ እንደ ልማድህ። አህያው እጅ ያበቅላል። ያጨበጭባል። መጨረሻ ላይ ‹ተሳስቼ ነበር› ይላል። ያን ቀን ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

«ካልሠራሁስ?»

«ካልሠራህ አንተም አለህ፣ እሳቸውም አሉ። መጋዘኑ ሰፊ ነው።»

ተመልሼ ለመምህሩ ነገርሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ እሱ ግን ዝቅ አላደረገም። «አታደርገውም» አለ። «ሰው እኮ የሚተነፍሰው በዚያ አህያ ነው። እሱን ካስጨበጨብኸው ምን ይቀራል?»

«አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን?»

«እሞታለሁ እንጂ አልነካውም።»

ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ነው ያለው። ይዋሻል ብዬ አላስብም፤ ደፋር ሰው ነበር። እርሻ ግን አልነበረውም። ሌሎቹም ሐሳብ ሰጡ፤ አንዱ ሣል አለኝ፣ አንዱ አትሣል አለኝ፣ አንዱ በግራ እጅህ አበላሽተህ ሣለው አለኝ። አያ ከሰዎቹ ፈቀቅ ብለው ሶላት ላይ ነበሩ። ለትጥበት ውኃ ስለሌለ፣ ወለሉም መርዝ ስለሆነ፣ መዳፋቸውን ጭቃው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፊታቸውን ያብሱ ነበር። ጨርሰው ሲመጡ ነገሩን ሰምተውታል። የሚለምኑኝ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ደግሞ በእኔ ምክንያት ክብርህን አትሽጥ የሚሉኝ።

«ልጄ፣ ጤፌ ቆሟል» አሉኝ።

የደረሰ ጤፍ በጊዜው ካልታጨደ ነፋስ እንደሚያረግፈው የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ቤት ያለችው ባለቤታቸው ብቻ ነች። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሥዕሉን የሠራሁት በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አመጡልኝ። የሰጡኝ እስክሪብቶ ከእኔው የተሻለ ነበር። አበላሽቼ ልሠራው አስቤ ጀመርሁ። ግን እጅ የለመደውን ይሠራል። የመጀመሪያው ሣጥን ላይ አህያው ጆሮውን ጥሎ ሲቆም ልክ እሱ ሆነ። ከፊት እግሮቹ ጫፍ ጣቶች ሲያበቅል ጣቶቹ የሰው ጣት መሰሉ። አምስተኛው ሣጥን ላይ እጁን አጋጥሞ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ሲሞክር ጭነቱ ይንሸራተትበታል፤ መርማሪው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያይ ሣቀ። የእውነት ሣቅ ነው። እኔም በመሣቁ ደስ አለኝ። ስለዚያ ቀን ከሁሉ የሚመረኝ ይህ ደስታ ነው፤ ከዱላውም፣ ከጆሮዬም በላይ።

ስምንተኛው ሣጥን ላይ «ተሳስቼ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። አልቋል ብዬ ብዕሩን አስቀመጥሁ።

«ኮቴዋስ?» አለኝ።

በወረቀቶቼ ሁሉ ታች፣ ከቀኙ ጥግ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ ትንሽ የኮቴ ምልክት አደርግ ነበር። ሰው የእኔን ወረቀት የሚለየው በእሷ ነው። አህያ የሣሉ ሌሎች መጥተው ነበር፤ ኮቴዋ የሌለችበትን ማንም አይዝም። መርማሪው ይህን አውቆታል።

ብዕሩን አንሥቼ በጥጉ ላይ ስሜን ጻፍሁ። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም፤ ለፈተና እንደሚጻፍ ሙሉውን። ስሜ አንድም ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ኮቴዋን ነው ያልኩህ» አለ።

«ኮቴው የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የአህያው ነው። እሱ አልፈረመም።»

አሁን ይመታኛል ብዬ ደህናውን ጆሮዬን ወደ ወዲያ አዞርሁ። እጁን ግን አላነሣም። ወረቀቱን አንሥቶ ስሜን አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። «ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «እንዲያውም ሰው ሁሉ ማንነትህን ይወቅ።» እኔ ኮቴዋን በማስቀረቴ እሱ ያተረፈ መሰለው። ምናልባትም አትርፎ ይሆናል።

ቃሉን በግማሽ ጠበቀ። አያን በማግስቱ ስም ጠርተው አስወጧቸው፤ ሲያጣድፏቸው ስለነበር ዞር ብለው ሊያዩኝ እንኳ አልቻሉም። ጫማቸውን እንኳ እጃቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የወጡት። እኔ ቀረሁ። ወረቀቱ ተባዝቶ በየግድግዳው ተለጥፎ እንደነበር የሰማሁት አዲስ ከገቡ እስረኞች ነው። መምህሩ ከዚያን ቀን በኋላ አላናገረኝም። አጠገብ ላጠገብ እየተኛን፣ ብርዱን በአንድ ብርድ ልብስ እየተካፈልን፣ ቃል ሳንለዋወጥ ሰነበትን። ሲፈታ ከሁሉም ሰው ጋር ተሳስሞ እኔ ዘንድ ሲደርስ «አህያውን ሸጥኸው» አለኝና ወጣ።

እኔን የለቀቁኝ ቆይተው ነው፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ከተማው ውስጥ ሰላምታው ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። አንዳንዱ በሩቁ ሲያየኝ መዳፉን ሁለት ጊዜ አጋጭቶ ያልፋል። የማባዣዋ ሴት ብቻ በመንገድ አስቁማ አቀፈችኝ።

«ኮቴዋን ሳጣት፣ ስምህን ሳይ ገባኝ» አለችኝ። «ሰው ግን ስምህን አነበበ እንጂ ኮቴዋ መጉደሏን ልብ አላለም፣ ወንድሜ። ሰው የሚያየው አህያውን ነው።»

የሰሌዳ ሥራ የሚሰጠኝ እየሳሳ ሲሄድ ወደ ደሴ ወረድሁ። አሁን የምኖረው እዚያ ነው።

አያን ያገኘኋቸው ባለፈው ጊዜ ለዘመድ ለቅሶ መካነ ሰላም ሄጄ ገበያ መሐል ነው። ቀድመው ያዩኝ እሳቸው ናቸው። በግራ እጃቸው ጨበጡኝና ትከሻቸውን ሰጡኝ፤ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጃቸው ተጠቅልሎ አይደለም፤ ግን ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም፣ ማጭድም አይጨብጥም።

«ጤፉስ እንዴት ሆነ ያኔ?» አልኋቸው።

«ግማሹ ረግፎ ደረስሁ» አሉ። «ግማሹን ጎረቤቱ ጅጌ ወጥቶ አጨደልኝ። አላህ ይስጥልኝ፣ አንተ ባታወጣኝ ያም አይገኝም ነበር።»

ትንሽ አብረን ሄድን። ከጨርቅ ተራው ሰው ወጣ ባልንበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«አሁንም ትሥላለህ?»

«እሥላለሁ፣ አያ።»

እውነቴን ነው። ሌላ ታሪክ፣ ሌላ ምልክት፣ ፊደሌንም ለውጬ እሥላለሁ። ካልሣልሁ ቀኑ አይመሽልኝም።

«አትሣል አልልህም» አሉኝ። «የነገርኸኝ ሐቅ ነው፤ ሐቅ አይከለከልም። ወደ እኛ አገር ግን አታምጣብን። አንተ ብትመታ የሠራኸውን ታውቃለህ። እኛ የምንመታው በማናውቀው ነው።»

የምከራከርበት ቃል ፈለግሁ። ሰው ማወቅ አለበት፣ ለእናንተው ነው፣ እንዲህ ያለውን። ሁሉም አፌ ድረስ መጥቶ እጃቸውን ሳይ ተመለሰ።

«እሺ፣ አያ» አልኋቸው።

መረቁኝ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አድርገው ወደ ሰዎቻቸው ተቀላቀሉ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። ወረቀቱ ዛሬ ካሰብሁት በላይ ሩቅ ይሄዳል፤ ሰዎች በየመኪናው ይዘውልኝ ይሄዳሉ። ወደዚያ ቆላ የሚወርድ መኪና ሲገኝ ግን አልሰጥም። ከሚያከፋፍሉልኝ አንዱ አንድ ቀን በዚያ በኩል ለምን እንደማልልክ ጠየቀኝ። ታሪኩን ልነግረው ጀምሬ ተውሁት።

«መንገዱ መጥፎ ነው» አልሁት።